ነጭ ሽንኩርቴ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ኮምፖስቴም ሸተተ

የልጆች እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ለገጣፎ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ጓሮዬ ሁለት መደብ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። ቅጠሉ ያስቀና ነበር። ጥር መጨረሻ ስነቅለው ግን ራሱ ትንሽ ነው፤ ብዙው እንደ ቀይ ሽንኩርት ድብልብል ብሎ ፍልቃቂ አላወጣም። የዶሮ ኩስ ስተክልም በኋላም ጨምሬበታለሁ። ለሚቀጥለው ኮምፖስት ላዘጋጅ ብዬ የወጥ ቤት ልጣጭ በርሜል ውስጥ አጠራቀምኩ። እሱም ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው። ምን ላድርግ?

የደብረ ብርሃን እናት፦ የኔ ልጅ፣ ትኩስ ኩስ ሥር ያቃጥላል። ዘግይቶ ሲጨመር ደግሞ ቅጠሉን ብቻ ያስረዝማል። መጀመሪያ ይብሰል፣ ከዚያ ከመትከልሽ በፊት ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ለዘር የትኛውን ፍልቃቂ መረጥሽ?

የልጆች እናት፦ ትልልቁን ለወጥ አስቀርቼ ትናንሹን ተከልኩ፣ እማማ።

የደብረ ብርሃን እናት፦ ድብልብል ያደረገው አንዱ እሱ ነው። ትልልቁን ትከዪ፣ ትናንሹን ወጥ ውስጥ ጨምሪ።

የግብርና ባለሙያ፦ እማማ ልክ ናቸው። ልጨምር፦ የነጭ ሽንኩርት ራስ በፍልቃቂ እንዲከፋፈል ብርድ ይፈልጋል። ዘሩን ከመትከልሽ በፊት ከአንድ ወር በላይ ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር ሳይሆን) ብታቆዪው ይረዳል። ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ፣ ሁለት ጣት ጥልቀት ቅበሪው። በፍልቃቂዎቹ መሃል 10፣ በመስመሮቹ መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቅጠሉ አረንጓዴ እያለ ነቅለሽው ከሆነም ቸኩለሻል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ውሃ አቁሚ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ንቀዪ። ፀደይ 92 የሚባለውን ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ካገኘሽ ሞክሪው።

ኮምፖስት ወዳጅ፦ በርሜሉ የሸተተው እርጥብ ብቻ ስለሆነና አየር ስለሌለው ነው። ታችና ጎኑን ብሺው። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር ጣይበት፦ የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ተይው፣ ቶሎ አይበሰብስም። ሥጋና ቅባት በጭራሽ አትጨምሪ፤ ዝንብና አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የቡና አተላ ግን ጥሩ ነው። እርጥበቱን በእጅሽ ፈትኚ፦ ስትጨብጪው ይያያዝ፣ ውሃ ግን አያንጠባጥብ። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክተሽ በሦስተኛው ቀን ሳቢው። ሞቆ ከወጣ ሥራ ላይ ነው። ቀዝቅዞ ደርቆ ከወጣ ውሃ አርከፍክፊና አገላብጪ። በየሦስት ሳምንቱ ብታገላብጪው ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። የደረሰው ጥቁር ነው፤ ዝናብ የጠጣ አፈር ይሸታል።

ከሰንዳፋ፦ እህቴ፣ አንድ ነገር አደራ። ከነቀልሽው ውስጥ ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና እንደ ጎመን ዘር የደቀቀ ጥቁር ነጥብ ያለው ካለ ኮምፖስት ውስጥ አትጣዪው፣ አቃጥዪው። ነጭ አበስብስ የሚሉት በሽታ ነው። አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል። እኔ ሳላውቅ ቀላቅዬው መደቤን በሙሉ አጣሁ። ዛሬ እዚያ ላይ ጎመንና ድንች ብቻ ነው የምተክለው። ጤነኛም ቢሆን ነጭ ሽንኩርትን ቀይ ሽንኩርት በነበረበት መደብ ላይ አትድገሚው።

የልጆች እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን አየሁት፣ ሻጋታ የለውም። ባለቤቴ በርሜሉን እየበሳ ነው፣ ጭድም አገኘን። የእንቁላል ቅርፊትስ?

ኮምፖስት ወዳጅ፦ አድቅቀሽ ጨምሪው።