ብሌንድድ እናድርገው ብያለሁ፤ አራት መምህራን አንድ ኮርስ ላይ እንዴት ይስማማሉ?

መምህር ከጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መግቢያ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ኮርሱን አራት ሆነን ሴክሽን ተከፋፍለን ነው የምንሰጠው፤ ሁላችንም የየራሳችን ስላይድና የየራሳችን ፈተና አለን። ተማሪዎቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን) አስሉ ብትሏቸው ያሰላሉ። የአንድ ጤና ጣቢያ መረጃ ሰጥታችሁ "ይሄ ቁጥር ምን ይነግረናል?" ስትሏቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ኮርሱን በብሌንድድ፣ ማለትም ከፊሉን በክፍል ከፊሉን በኦንላይን፣ እንደ አዲስ እንሥራው ብዬ ሐሳብ ሳነሳ አንዱ ባልደረባዬ "ስላይዱን ሙድል (የኦንላይን መማሪያ ሥርዓቱ) ላይ ጭነናል፣ ሌላ ምን ቀረ?" አለኝ። ሌላዋ ትርፍ ሥራ ይሆንብናል ብላ ትሰጋለች፣ እውነቷን ነው። ከየት ልጀምር? ሌክቸሩ ይቀነስ ወይስ እንዳለ ሆኖ ኦንላይኑ ይጨመርበት?

የባሕር ዳሩ፦
ወንድሜ፣ ሌክቸሩ ካልተቀነሰ ባትጀምረው ይሻላል። የክፍሉ ሰዓት እንዳለ ሆኖ ቪዲዮ፣ ኩዊዝና ውይይት ሲደረብበት ተማሪውም መምህሩም ቶሎ ይሰለቻል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናቶችን ሰብስቦ ባወጣው ትንታኔ ብሌንድዱ በገጽ ለገጽ ብቻ ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ጊዜና ቁሳቁስም ነበራቸው። ኢንተርኔቱ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ የለም።

አራታችሁ ቁጭ በሉና ተማሪው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ምን መሥራት መቻል አለበት የሚለውን ብቻ ተነጋገሩ። ስላይድ ማንም አይክፈት! ከተከፈተ ወሬው ሁሉ "ምዕራፍ አምስትን ማን ይሸፍናል" ይሆናል። ቀመርና ስሌቱ ከክፍል ውጭ ይሂድ፣ አጭር ንባብና አጭር ኩዊዝ ይበቃዋል። ክፍል ውስጥ መረጃ ላይ ይከራከሩ። ለምሳሌ የደመወዝ መረጃ ስጣቸው፤ ጥቂት ሰዎች በጣም ብዙ ሲከፈላቸው አማካዩ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር) ግን ብዙም አይነቃነቅም። ከዚያ "የሠራተኛውን ኑሮ ለማሳየት የትኛውን ትመርጣላችሁ?" በላቸው። ጸጥታው ያኔ ይሰበራል።

ተማሪ ነኝ፦
ከእኛ በኩል ልናገር። አብዛኞቻችን ያለን ስልክ ነው። ረጅም ቪዲዮ በራሱ ዳታ የሚያወርድ ጥቂት ነው፣ ፒዲኤፍና አጭር ድምፅ ቴሌግራም ላይ ብትለቁልን ግን እናየዋለን። የሙድል መተግበሪያ ላይ ደግሞ መምህሩ ከፈቀደ ኩዊዙን አውርዶ ያለ ኔትወርክ መሥራትና ኔትወርክ ሲመጣ መላክ ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ነው የሚያድነን። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ግማሹ ሳያነብ መጣ ብላችሁ ሌክቸሩን መልሳችሁ አትጀምሩት። ያነበበው ልጅ ለምን ደከምኩ ይላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሱም አያነብም።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦
ልጄ ትክክል ብለሃል። መምህር፣ ያቺን የሰጋችውን ባልደረባህን መጀመሪያ ስማት። ዝግጅቱ እንደ ሥራ ጫና ካልተቆጠረ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነገር ሁለተኛ ሴሚስተር አይደርስም፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ኃላፊያችሁ ሎድ ላይ እንዲይዝላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ሙሉ ኮርሱን በአንዴ አትንኩ። አንድ ምዕራፍ ምረጡ፣ ሁለታችሁ አዘጋጁ፣ ሁለታችሁ አርሙ፣ ከዚያ አንዳችሁ የሌላውን ክፍል ገብታችሁ እዩ። መግባቱ ያስፈራል፣ ለማስተማር ግን እንደሱ የጠቀመኝ ነገር የለም። የጥያቄ ባንኩም የጋራ ይሁን። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ትምህርት ክፍሎች ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱ ሴክሽን የየራሱን ነገር መማሩ ተማሪውን ነው የሚጎዳው።

መምህር ከጎንደር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሦስቱንም ፒያሳ ቡና ጋብዣቸዋለሁ፣ ስላይድ ይዞ መምጣት የለም ብያለሁ። ኩዊዙ ስንት ማርክ ይያዝለት?

የባሕር ዳሩ፦
ሁሉም ተደምሮ ከአሥር አይለፍ። ካልተያዘ አይሠሩትም፣ ከበዛ ደግሞ መኮራረጅ ይጀመራል።