ከባሕር ዳር ሆኖ ወደ ንግድ ፖሊሲ ሙያ መግባት፦ ማስተርሱ በምን ይሁን?

የጣና_ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። በፖለቲካል ሳይንስና ኢንተርናሽናል ስተዲስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ ለጊዜው ወደ አዲስ አበባ መዛወር አልችልም። ልቤ ያለው ከዲፕሎማሲው ይልቅ ንግድ ፖሊሲው ላይ ነው፦ ታሪፍ፣ ድርድር፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ ንግድ ቀጣና፣ የዓለም ንግድ ድርጅት። ከኢኮኖሚክስ የወሰድኩት የማይክሮና የማክሮ መግቢያ ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ማስተርሱን በዓለም አቀፍ ግንኙነት ልቀጥል ወይስ ወደ ኢኮኖሚክስ ወይም ወደ ሕግ ልዙር? ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ከዚሁ ከጣና ዙሪያ ይገኛል? የዓለም ንግድ ድርጅት መቀመጫ የሆነችውን ጄኔቫን ማሰብስ ለኢትዮጵያዊ ቅዠት ነው? እህታችሁን ምከሩኝ፤ "በርቺ" ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

ሰንጠረዥ

እህቴ፣ ሕጉን እርሺው፤ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ለመግባት ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ይጠየቃል። ኢኮኖሚክሱም በሁለት መግቢያ ኮርስ አይደፈርም፤ ብትገቢ እንኳ ኢኮኖሜትሪክሱ (የኢኮኖሚ ዳታ በስታትስቲክስ የሚተነተንበት ትምህርት) አንገት ያስደፋሻል። በዓለም አቀፍ ግንኙነት ቀጥይ፣ ግን ትራንስክሪፕትሽ ላይ ቁጥር ይኑር፦ ስታትስቲክስ እስከ ሪግሬሽን፣ አንድ የዓለም አቀፍ ንግድ ቲዎሪ ኮርስ፣ ከተቻለ አንድ ኢኮኖሜትሪክስ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የኢኮኖሚክስ መምህራን "ቁጭ ብዬ ልስማ" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዚያ ዳታ። የብዙ ሰው ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃን የሚለይበት ዓለም አቀፍ ቁጥር። የፊተኞቹ 6 አሃዞች በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ የሚቀጥሉት የየአገሩ ናቸው። ሰሊጥ 1207.40 ነው። ያልተቆላ፣ ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና 0901.11 ነው። "ቡና" ብሎ 0901ን በሙሉ ያወረደ ተማሪ የተቆላውንም፣ የቡና ገለባውንም አንድ ላይ ደባልቆ ያወርዳል። ኮዶቹ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይከለሳሉ፤ ያለፉት ክለሳዎች የ2007፣ የ2012፣ የ2017 እና የ2022 ናቸው። ጽጌረዳ የራሱን ኮድ 0603.11ን ያገኘው በ2007ቱ ክለሳ ነው፤ ከዚያ በፊት ትኩስ አበባ ሁሉ 0603.10 ውስጥ ነበር። ይህን ሳያውቅ ከ2000 ጀምሮ ጽጌረዳ የሚፈልግ ሰው ባዶ ረድፍ ያገኝና "ኢትዮጵያ ጽጌረዳ መላክ የጀመረችው በ2007 ነው" ብሎ ቁጭ ይላል።

ሁለተኛ፣ ዘመኑ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ኮምትሬድ (የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ዳታ ቋት) ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግማሽ ዓመት ማንሸዋረር ነው። ወይ ወርኃዊውን ዳታ ፈልጊና ራስሽ ደምሪ፣ ወይ አንዱን ብቻ ተጠቀሚ።

ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ "ላክሁ" ያለችውና ገዢው አገር "ገዛሁ" ያለው አይገጥምም። አንዱ ምክንያት ሌብነት ሳይሆን ስሌት ነው፦ የወጪ ዕቃ ዋጋ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪን ሳይጨምር ይመዘገባል፣ የገቢው ግን ጨምሮ። ቀሪውን ልዩነት በዚህ ብቻ አትሸፍኚው፤ ዕቃው በሦስተኛ አገር በኩል ሲያልፍ መዳረሻው ተሳስቶ ሊመዘገብ ይችላል፣ ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም አለ።

አራተኛ፣ ግራቪቲ ሞዴል። ንግድ ከሁለቱ አገሮች ኢኮኖሚ መጠን ጋር ይጨምራል፣ ከርቀታቸው ጋር ይቀንሳል የሚለው ነው። እዚህ አገር ሲጻፍ ደጋግሞ የሚታይ ጉድለት አለው፦ ኢትዮጵያን ብቻ ላኪ አድርጎ ከ30 ወይም 40 ገዢዎች ጋር መስራት። በዚህ ዓይነት ዳታ የአስመጪ አገርና ዓመት ፊክስድ ኢፌክት (የእያንዳንዱን ገዢ አገር የየዓመቱን ልዩ ሁኔታ የሚይዝ መቆጣጠሪያ) ብታስገቢ የምታጠኚው ነገር በሙሉ ይዋጣል፤ ካላስገባሽ ደግሞ ፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። መፍትሔው የብዙ ላኪዎችና የብዙ ገዢዎች ዳታ ወስዶ ኢትዮጵያን እዚያ ውስጥ ማየት ነው። ዜሮ የሆኑ ረድፎችን በሎግ ምክንያት አትጣዪ፤ ፒፒኤምኤል የሚባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው፣ ስታታና አር በሚባሉት የስታትስቲክስ ሶፍትዌሮች ላይ አለ።

ዳታውን ኔትወርክ ባለ ጊዜ በየዓመቱ ከፋፍለሽ አውርጂና ኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪ። የኛን ኢንተርኔት ታውቂዋለሽ።

አንቀጽ_በአንቀጽ

ሰንጠረዥ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሕግ ባትማሪም የስምምነት ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ድርድር ቃል ላይ ነው የሚያልቀው። ከጋት (የዕቃ ንግድና የታሪፍ አጠቃላይ ስምምነት) አንቀጽ 1ን (ለአንዱ አባል የተሰጠ ለሁሉም)፣ አንቀጽ 3ን (የውጭው ዕቃ ጉምሩክ ካለፈ በኋላ ከአገር ውስጡ እኩል) እና አንቀጽ 24ን (የነፃ ንግድ ቀጣና ከአንቀጽ 1 እንዴት እንደሚፈቀድለት) ከነማብራሪያ ማስታወሻቸው አንብቢ። ከዚያ የእንስሳትና ዕፅዋት ጤና ስምምነቱን። የቀረው ሲያስፈልግ ይደረስበታል።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን የምታደርገው ድርድር ለመማሪያ አመቺ ነው። ማመልከቻው የገባው በ2003 ነው። ሂደቱ በግርድፉ ይህ ነው፦ የውጭ ንግድ ሥርዓት ሰነድ ይቀርባል፣ አባላት በጽሑፍ ይጠይቃሉ፣ መልስ ይሰጣል። ጎን ለጎን ከየአገሩ ጋር በዕቃና በአገልግሎት ገበያ ላይ የሁለትዮሽ ድርድር ይካሄዳል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ማመልከቻውን በሚመረምረው የአባላት የሥራ ቡድን ሪፖርትና በመግቢያ ውሉ (ፕሮቶኮሉ) ይጠቃለላል። ከጸደቀ በኋላ የአገር ውስጥ ማጽደቂያው ገቢ ሲሆን በ30ኛው ቀን አባልነቱ ይጸናል።

ተማሪን ሁሉ የሚያደናግረው የታሰረ ታሪፍና የሚከፈል ታሪፍ ልዩነት ነው። የታሰረው ከዚህ አላልፍም ብለሽ የፈረምሽበት ጣሪያ ነው፤ የሚከፈለው ዛሬ ጉምሩክ የሚጠይቀው ነው። ጣሪያው 40 በመቶ፣ የሚከፈለው 20 ከሆነ መንግሥት ወደ 35 ቢያሳድገው ውሉን አላፈረሰም። "ድርጅቱ ውስጥ ከገባን ቀረጥ ሁሉ ይነሳል" የሚል ጋዜጣ ስታዪ ጸሐፊው ይህን እንደማያውቅ ታውቂያለሽ።

የአፍሪካው ቀጣና በሌላ ስሌት ይሄዳል፦ 90 በመቶው የታሪፍ መስመር ነፃ ይሆናል፣ 7 በመቶው ስሱ ተብሎ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠዋል፣ 3 በመቶው ውጭ ይቀራል። እንደኛ ላሉ እጅግ ባላደጉት አገሮች ተርታ ለሚመደቡ የ90ው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ዋናው ጭቅጭቅ ግን ከታሪፉ ይልቅ የስሪት ሀገር ደንቡ ላይ ነው፤ ከውጭ በመጣ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ "አፍሪካዊ" ይባላል ወይስ አይባልም? ይህን በአንድ ዕቃ ላይ ከላይ እስከ ታች ሠርቶ ማሳየት የሚችል ሰው ብዙ የለም።

ዓባይ_ማዶ

ሁላችሁም ወደ ታሪፍ ጎተታችኋት። ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ሰው መሆን ከዓባይ ጋር ነው የሚያያዘው። የዓባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ለፊርማ የተከፈተው በ2010፣ የጸናው በኦክቶበር 2024 ነው፤ ገና ብዙ የሚጻፍበት ሰነድ ነው። በአፍሪካ ጸጥታ ላይ የሚመክረው የጣና ፎረምም ከ2012 ጀምሮ የሚያዘወትረው ይህችኑ ከተማ ነው።

አንቀጽ_በአንቀጽ

ዓባይ ላይ የሚጽፍ ሞልቷል ወዳጄ፤ የስሪት ሀገር ደንብ ላይ ቁጠር ብትባል አንድ እጅህ ይበቃል። እሷም የጠየቀችው ንግድ ነው።

የጣና_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርእስ ላይ እንመለስና፦ ሦስት አስቤያለሁ። የዘጌ ቡናና የአውሮፓ የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ የመተማ ሰሊጥ፣ ከጣና ወደ ሱዳን የሚሄደው የደረቀ ዓሣ። የትኛው ያዋጣል?

ሰንጠረዥ

የዘጌው ያምራል፣ ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ አጣሪ፦ ከዘጌ ቡና ምን ያህሉ አውሮፓ ይደርሳል? ምርቱ እዚሁ ገበያ ላይ የሚቀር ከሆነ ደንቡ አይነካውም፣ ርእሱም እዚያው ይወድቃል። ሁለት ቀን ከነጋዴዎችና ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ማውራት ይበቃል። ከተሳካልሽ ጥሩ ጥያቄ አለው። ደንቡ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከሆነ መሬት የመጣ ቡናን ይከለክላል፣ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛም ይጠይቃል፦ እስከ 4 ሄክታር ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው፤ ከ4 ሄክታር በላይ ግን ዙሪያው በሙሉ። ዘጌ ላይ ቡናው ያለው ዛፍ ሥር ነው፤ ከሳተላይት ሲታይ ደን ነው ወይስ እርሻ? ክርክሩ እዚያ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ስለተራዘመ ስትጽፊ የወቅቱን አጣሪ።

ሰሊጥ ላይ ታሪፍ አታጥኚ። የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥ ማስገባት የጀመረው በ2001 ነው፤ ቻይናም ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለእንደኛ ላሉ አገሮች ቀረጡን በሙሉ ዜሮ አድርጋለች። ዜሮ ላይ ምን ይጠናል? ሰሊጡን አውሮፓ ድንበር ላይ የሚያስቆመው ሳልሞኔላ ነው፤ ኅብረቱ በተጨማሪ ቁጥጥር መዝገቡ ውስጥ የኢትዮጵያን ሰሊጥ አስገብቶታል። ጥያቄሽን እንዲህ አድርጊው፦ የቁጥጥሩ ድግግሞሽ (ከሚገባው ጭነት የሚመረመረው ድርሻ) ሲጨምር ላኪው ገዢ ይቀይራል ወይስ ማበጠሪያውን ያሻሽላል? ድግግሞሹ በየጊዜው ስለሚከለስ ክለሳው የወጣባቸውን ቀናት እንደ መለኪያ መጠቀም ይቻላል።

የዓሣው ትልቅ ችግር ብዙው ያለ ዲክላራሲዮን ማለፉ ነው፤ 0305 ብለሽ ኮምትሬድ ላይ ብትፈልጊ አታገኚውም። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት፤ ወደ ድንበሩ ሄደሽ መረጃ መሰብሰብን አልመክርሽም። ሰሊጡን ያዢ።

ፎርም_ሞይ

እኔ ስለ ማመልከቻ ብቻ። ጄኔቫ ቅዠት አይደለም፣ በሩን መለየት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት ቋሚ ሥራ የሚያወጣው ለአባል አገር ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል እስካልሆነች ድረስ እዚያ ጊዜ አታባክኚ። የሥራ ልምምዱ (ኢንተርንሺፕ) ግን በመግባት ድርድር ላይ ላሉ አገሮች ዜጎችም ክፍት ነው፦ ዕድሜ ከ21 እስከ 30፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ቢያንስ አንድ ዓመት የተማረ። ስለዚህ አሁን ሳይሆን ማስተርሱን አንድ ዓመት ከጨረስሽ በኋላ ነው። የሥራ ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው፤ ፈረንሳይኛውን ዛሬ ጀምሪ።

ታንዛኒያ አሩሻ ያለው ትራፕካ ንግድ ፖሊሲ ብቻ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ አጫጭር ኮርሶችም፣ ነፃ የትምህርት ዕድልም አለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሽ ስታመለክቺ ይበልጥ ትሰሚያለሽ። አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የአፍሪካ ንግድ ፖሊሲ ማዕከል አለው። ቼቭኒንግን (የብሪታንያ መንግሥት የማስተርስ ነፃ የትምህርት ዕድል) ካሰብሽ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት ነው፣ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ አለ። ሰዓቱን ባሕር ዳር ላይ ሙዪው። ንግድ ቢሮ ቢገኝ ደኅና፤ ካልሆነ ትራንዚተር ጋር ግቢ፦ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የስሪት ሀገር ሰርተፍኬትና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት እርስ በርስ ሲጣረሱ ዕቃ እንዴት እንደሚቆም ክፍል ውስጥ አይታይም። ኢንቮይሱ ላይ 19,000 ኪሎ፣ ጤና ሰርተፍኬቱ ላይ 19,500 ከሆነ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ይቆማል።

ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽን መምህር ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቂ፤ ስትጠይቂም ሲቪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የጻፍሽውን አንድ ወረቀት አያይዢለት፤ "ጎበዝ ተማሪ ነበረች" ብቻ የሚል ደብዳቤ የሚመጣው ባዶ እጅ ሲጠየቁ ነው። አይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ቸኩለሽ ቀድመሽ አትፈተኚ። ለጽሑፍ ናሙና የመመረቂያሽን ምዕራፍ ቆርጠሽ አትላኪ፤ ሰንጠረዥ ያለሽን የሰሊጥ ጥያቄ በአራት ገጽ ለብቻው ጻፊውና እሱን ላኪ።

የጣና_ልጅ

አራት ገጹን እጀምራለሁ። ሰንጠረዥ፣ የቁጥጥር ክለሳዎቹን ቀናት ከየት ላወጣ?

ሰንጠረዥ

ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ ድረ ገጽ። የደንቡ ቁጥር 2019/1793 ነው፤ የተሻሻሉትን እትሞች በቀን ቅደም ተከተል ያሳይሻል። ከአባሪዎቹ ውስጥ ኢትዮጵያና ሰሊጥ ያለበትን ረድፍ ብቻ ወደ ኤክሴል ገልብጪ። አንደኛውንም ሁለተኛውንም አባሪ እዪ፤ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚዛወር አንዱን ብቻ ያየ ሰው "ተሰርዟል" ብሎ ይጽፋል።