«ወቀረ»፣ «ካባ»፣ «አሞሌ»፦ ከሰሜን ሸዋ የድንጋይ ሥራ የቀሩ ቃላት

ተጉለቴው፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሞረትና ጅሩ፣ ከመንዝና ከአንኮበር አዛውንቶች የሰማኋቸውን አባባሎች በደብተር በማስፍርበት ጊዜ፣ አገባባቸው ግልጽ ሆኖልኝ መነሻቸው ያልተገለጠልኝ ቃላት አጋጥመውኛል። የመጀመሪያው «ወፍጮ ወቀረ» የሚለው ነው፤ ይህ ግሥ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከምንጠራበት ቃል ጋር አንድ ነውን? ሁለተኛው የግንባታ ሰዎች ድንጋይ የሚወጣበትን ስፍራ «ካባ» የሚሉት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት ነው። እንደ ዱቄት የላመውን ጨው ድንጋይ ነው ብሎ የሚጥል ማን ነው?

የጅሩ ልጅ፦
የተከበሩ ተጉለቴው፣ ጥያቄዎችዎ የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ድንጋይን በእጅ አውጥቶና ቀርጾ ከመኖር የመጡ ናቸው። ሥራው ከብዙ ቦታ ጠፍቶ ቃሉ ብቻ ስለቀረ ነው ትርጉሙ የሚያጠራጥረን።

«ወቀረ» ማለት ጠንካራ ድንጋይን ጫፉ በሾለ ብረት እየደጋገሙ በመምታት ከላዩ ጥቂት በጥቂት ማንሳት ነው። በእጅ በሚፈጭበት ቤት ከሥር የሚነጠፈው ድንጋይ ወፍጮ፣ ፈጪዋ በሁለት እጇ ይዛ የምትገፋው ደግሞ መጅ ይባላል። ወፍጮው ብዙ ሲፈጭበት ፊቱ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ እህሉ ከመድቀቅ ይልቅ በመጁ ሥር እየተንሸራተተ ሳይልም ይወርዳል። ሴትዮዋ መጁን አስቀምጣ መውቀሪያውን ታነሣለች፤ ከላይ ጀምራ ወደ ታች፣ አንዱ ምት ከሌላው ሳይርቅ፣ የወፍጮውን ፊት በጥቃቅን ጠባሳ ትሸፍነዋለች። ከዚያም ብናኙን ጠርጋ አንድ ጭብጥ እህል ትፈጭበታለች፤ ይህቺ ጭብጥ ለዶሮ የምትጣል እንጂ ለሰው የምትበላ አይደለችም፤ የድንጋዩን ደቃቅ ይዛ እንድትወጣ ብቻ ነው የምትፈጨው። ዛሬ «ወፍጮ» ስንል ሞተሩን ወይም ወፍጮ ቤቱን ማለታችን ቢሆንም ግሡ ግን አልተለየውም፤ የወፍጮ ቤቱ ድንጋይም ፊቱ ሲለሰልስ ይወቀራል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «አዎን፣ አንድ ነው» የሚል ነው። የላሊበላም ሆነ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የምትገኘው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውቅር የተባሉት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ስላልተሠሩ፣ ይልቁንም ከአንድ አለት ትርፉ እየተነሣ የተፈለገው ክፍል ብቻ እንዲቀር ስለተደረገ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ «ወቀረ» እና «ጠረበ» ሊምታቱ አይገባም። የሚጠረበው ከእናት አለቱ ተላቆ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ጎንና ማዕዘን ይበጅለትና ወደ ግንብ ይሄዳል። የሚወቀረው ግን ፊቱ ወይም ሆዱ ይነካል እንጂ ቅርጹን ለማስተካከል አይደለም። አንዳንድ ጸሐፊዎች «በውቅር ድንጋይ የተገነባ ቤት» ሲሉ የሚሳሳቱት ይህን ልዩነት ዘንግተው ነው፤ ሊሉ የፈለጉት «ጥርብ ድንጋይ» ነው።

ከመጥረቡ በፊት ደግሞ መፈንቀልና መፈለጥ አለ። ፈንቃዩ ዲጅኖውን በድንጋዩ ስንጥቅ አስገብቶ በክብደቱ ይጫነዋል፤ ፈላጩ ሽብልቁን በመስመር ይተክልና ሁሉንም ተራ በተራ፣ ቸኩሎ አንዱን ብቻ ሳያጠብቅ፣ በመዶሻ ይመታል። ጋዜጦቻችን «ያልፈነቀለው ድንጋይ የለም» እያሉ ለማንኛውም ባለሥልጣን ድካም የሚያውሉት አባባል ዲጅኖ ለጨበጠ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው።

«ካባ» ድንጋይ፣ ገረጋንቲ ወይም የመሳሰለው የግንባታ ግብዓት ተቆፍሮ የሚወጣበት ስፍራ ነው፤ «ድንጋይ ካባ»፣ «ገረጋንቲ ካባ» ይባላል። ሙሽሮችና መሳፍንት ከሚደርቡት ካባ ጋር ለማዛመድ መድከም አያስፈልግም። በድምፅ የሚቀራረበው «ካብ» ደግሞ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተደረደረ የድንጋይ አጥር ወይም እርከን ነው፤ ግሡ «ካበ» ሲሆን፣ ከዚህ የወጣው «ራሱን ይክባል» የሚለው አነጋገር ማያያዣ የሌለውን ክምር ያስታውሳል።

የጨው ተረት ግን የሚፈታው በአሞሌ ነው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ካለው የጨው ሜዳ በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ ጎኑ ተስተካክሎ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው ጨው ዱቄት አልነበረም፤ እንደ ሞረድ ድንጋይ ረዘም ያለ፣ ከአቧራና ከጭስ ብዛት ግራጫ የሆነ ጥፍጥፍ ነበር። ለሸዋ ከአንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ቆላውና ደጋው የሚገናኙበት የጨው በር ሆኖ ኖሯል፤ አሞሌም ምግብ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብ የሚቆጠር ነበር። እንዲህ ያለውን ጥፍጥፍ ከአለት የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። ጣዕሙን ያጣ አሞሌ በዓይን ሲታይ ከድንጋይ አይለይምና ተረቱ ቃል በቃል እውነት ነበር።

መንዜው፦
የጅሩ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አብራርተውታል። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። «መጅ» በመንዝም በሌላውም አገር የእጅ መዳፍ በሥራ ብዛት የሚያወጣውን የደነደነ ቆዳ ይጠራበታል፤ «እጁ መጅ አውጥቷል» የሚባለው ሰው ሥራ የማይፈራ ነው። ድንጋዩን ሲገፉ የኖሩት እናቶች መዳፍ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ቦታ አገናኝቷቸዋል ብል ያስኬደኛል።

ሌላው «ጠይብ» የሚለው ቃል ነው። ከማዕድን ሥራ የቀሩትን ቃላት የሚሰበስብ ሰው ብረት ቀጥቃጩን ሊያልፈው አይችልም፤ «ጠቢብ» በግእዝም በአማርኛም የክብር ስም ሆኖ ሳለ፣ «ጠይብ» ወናፍና መዶሻ ለያዘው ሰው የተሰጠ የስድብ ስም ሆኖ ቆይቷል፤ ቡዳ ነው የሚለውም ሐሜት ተጨምሮበታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ እንዲቀር አዋጅ ያወጡት እንዲህ ያለው ስም ሥር ሰዶ ስለነበር ነው። የብረቱ ሙያ በአገራችን እንዳይስፋፋ ከማዕድኑ ማነስ ይልቅ ይህ ስም የበለጠ ጎድቶታል የሚል እምነት አለኝ።

አለት አጥኚ፦
ሙያዬ የከርሰ ምድር ጥናት በመሆኑ ቃላቱ ከምን ዓይነት ድንጋይ ጋር እንደተያያዙ ላስረዳ። የሰሜን ሸዋን ደጋ የሸፈነው፣ ሕዝቡ ጥቁር ድንጋይ የሚለው ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ዓለት በብዛት ፈስሶ ደጋውን ደረበው፤ ከዚያም በኋላ እሳተ ገሞራዎች በላዩ ላይ ጨመሩበት። ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ስም በኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ካርታዎች ላይ ለእነዚህ የኋለኞቹ ዓለቶች መጠሪያ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለደሴ መንገድ ዋሻ የፈለፈለውም በዚያው በር ነው። በነገራችን ላይ «ዋሻ» ተፈጥሮ የሠራችውንም ሰው የፈለፈለውንም አጠቃልሎ የሚይዝ ቃል በመሆኑ ሌላ ቃል መዋስ አላስፈለገንም።

ለወፍጮ የሚመረጠው ድንጋይ ጥርስ ያለው ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የቀለጠው ዓለት ሲበርድ በውስጡ የነበረው ጋዝ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይወጣል፤ ቀዳዳ ያለው ባዛልት እየተፋቀ ሲሄድ አዲስ ቀዳዳ ስለሚከፈት ፊቱ ቶሎ አይለሰልስም። ጥቅጥቅ ያለው ግን ለግንብ ይመቻል እንጂ ለወፍጮ ሲሆን መውቀሪያ አያርፍለትም።

ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ዓለም ያያል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ይከተላል። እነዚህ ዓለቶች ባሕር አገሩን ሸፍኖ በነበረበት ጁራሲክ በሚባለው፣ ከባዛልቱ እጅግ በቀደመው ዘመንና በዙሪያው የተደላደሉ ናቸው። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለውም የኖራው ድንጋይ በአቅራቢያው ስላለ ነው።

ተጉለቴው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ኖራ» እና «ጀሶ» ከተነሡ አይቀር፣ ልዩነታቸው በቃላት ደረጃ እንዴት ይቀመጥ? ስለ «ድንጋይ ከሰል» እና ስለ «ባልጩት»ም ብታክሉልኝ ደስ ይለኛል።

የጅሩ ልጅ፦
«ኖራ» ከዐረብኛ የመጣ የቆየ ቃል ነው፤ የኖራ ድንጋይ በእቶን ተቃጥሎ፣ ውኃ ሲነካው እየፈላ የሚፈርሰው ነጭ ዱቄት ነው። በወንጌል «በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች» የተባለው ለግብዝ ሰው መጠሪያ ሆኖ ወደ ዕለት ንግግራችን ገብቷል። «ጀሶ» ግን ከጣሊያንኛ በቅርብ የገባ ነው፤ ለግድግዳ ልስንና ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ ይውላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንጀራ ውስጥ ተቀላቀለ ተብሎ ከተወራ ወዲህ የማጭበርበር ምልክትም ሆኗል፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄቶች ለማስመሰል ምሳሌ መሆናቸው ያስገርማል።

አለት አጥኚ፦
«ድንጋይ ከሰል» ከእንጨት ከሰል ለመለየት የተበጀ ጥሩ ስያሜ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ በሙሽ ሸለቆ ያልበሰለው ዓይነት፣ ሊግናይት የሚባለው፣ በስስ ንጣፍ ይገኛል፤ አብረውት ያሉት የቅጠል ቅሪቶች ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። ዛሬ ኩበት የሚነድበት አገር በዚያን ዘመን ጫካና ሐይቅ ነበረ ማለት ነው። መንዝ ግሼ ውስጥ በ1980ዎቹ የታወቀው ኦፓል የተባለው የጌጥ ድንጋይ ግን አማርኛ ስም አላገኘም፤ በቡናማ ቅርፊት ተጠቅልሎ የሚወጣ ድብልብል ድንጋይ ነው።

«ባልጩት»ን በተመለከተ በደብተርዎ እንዲህ ቢያሰፍሩት ይመረጣል፦ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ፈጥኖ ሲበርድ የሚሆነው፣ እንደ ጠርሙስ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ድንጋይ፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም የሚሆን፤ ብረት ሳይታወቅ በፊት ለመቁረጫና ለመፋቂያ ያገለገለ። የጥንት ሰዎች ቅሪት ከተገኘበት ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ ስሙም ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ነው፤ በዚያ ያለው ባልጩት የጥንት ሰዎች ለመሣሪያነት ያወጡት ነበር።