ክርክር፦ ልጁ ጠመንጃ ይያዝ ወይስ የመበየጃ ካውያ?

አድሚን (ብሎክ 3)፦
ሰላም የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች። ትናንት ቡና ላይ የተነሳው ነገር እዚህ ይቀጥል። ሌሊቱን ሙሉ የድምፅ መልእክት ስትልኩልኝ አደራችሁ። ላልነበራችሁ፦ የብሎክ 7 እናታችን ልጃቸው 12ኛ ክፍል ጨርሷል። መከላከያ ልግባ ብሏል። አጎቱ ደግሞ “ከእንግዲህ የሚዋጋው ማሽን ነው፣ እግረኛ ሆነህ ምን ልትሠራ” አለው። ጥያቄው ይኸው፦ አገር ገንዘቧን በወታደር ላይ ታውጣ ወይስ በድሮንና በሰው ሠራሽ አስተውሎት? ሕጋችን ያው ነው። ብሔር የለም፣ ፓርቲ የለም፣ ስድብ የለም።

ኮደሩ (ብሎክ 14)፦
እኔ ከአጎትየው ጋር ነኝ። ዋጋውን እዩት። ዩክሬን ውስጥ 500 ዶላር የማትሞላ ድሮን በሚሊዮን ዶላር የተሠራ ታንክ ታቃጥላለች። የሚነዳት ልጅ ድሮኗ የምታየውን የሚያሳየውን መነጽር አድርጎ ምድር ቤት ቁጭ ብሏል። በፈረንጆቹ ሰኔ 2025 ዩክሬን 117 ድሮን በጭነት መኪና ደብቃ ሩሲያ ውስጥ አስገባች። ሳይቤሪያ ድረስ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የቆሙ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተመቱ። ከዚያ በፊት በ2024 ለሰው አልባ መሣሪያ ብቻ ራሱን የቻለ ጦር አቋቁማለች፤ እንደ አየር ኃይል፣ እንደ ባሕር ኃይል ማለት ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ይምጣ?

መቶ አለቃ (ብሎክ 9፣ ጡረተኛ)፦
ጥሩ ብለሃል ልጄ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በ2020 አዘርባጃንና አርመን 44 ቀን ተዋጉ። ሁሉም ሰው ባይራክታር ስለሚባለው የቱርክ ድሮን አወራ። ሹሻ የምትባለውን የተራራ ከተማ የያዘው ማን ነው? ባይራክታር ነው? ቀላል መሣሪያ ይዞ ገደል ቧጦ የወጣ እግረኛ ነው። ድሮን ታንክ ያቃጥላል፣ ከተማ ገብቶ አያድርም።
እኔ ዛላምበሳ ግንባር የሬዲዮ መገናኛ ወታደር ነበርኩ። ሌሊቱ ብርድ ነው። የሬዲዮ ባትሪ እንዳይሞትብኝ ብብቴ ሥር ይዤ አድሬአለሁ። ሬዲዮው የሞተ ቀን መልእክቱን ይዞ የሚሮጠው ሰው ነው።

ኮደሩ፦
ጋሼ፣ ከሹሻ በፊት የሆነውን ዘለሉት። አንቶኖቭ 2 የሚባል ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን አለ። መጀመሪያ የበረረው በ1947 ነው፤ ሽማግሌ ነው። አዘርባጃን እሱን ያለ አብራሪ ላከችው። የአርመን አየር መከላከያ ተኮሰበት። ሲተኩስ ያለበት ታወቀ። ከላይ የሚያደፍጠው ድሮን ለቀም አደረገው።

መቶ አለቃ፦
አየህ፣ አሁን የእኔን ወገን ተከራከርክልኝ! አሮጌ አውሮፕላን ማጥመጃ ማድረግ ቴክኖሎጂ ነው እንዴ? ብልጠት ነው። መቀሌ ላይ ጥይት ያልበገረውን የጣሊያን ምሽግ ጥማት አስለቀቀው። ምንጩን ያስያዙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ባሻ አውዓሎምስ? የጣሊያኑን ጄኔራል በወሬ ብቻ ከጉድጓዱ አወጣው።

ኮደሩ፦
ባሻ አውዓሎምን ሲያነሱ ሳቄ መጣ። በ2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ወታደሮቹን “እጅ ስጡ” ሲል የሚያሳይ ሐሰተኛ ቪዲዮ ተለቆ ነበር። ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ያኛው ሰው ነበር፣ ይኼኛው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ያኔ በቀላሉ ተነቃበት። ዛሬ ቢሠራ እንጃ።

የሠርግ ቪዲዮ አንሺው (ብሎክ 21)፦
እኔ ስለ ጦር አላውቅም፣ ስለ ድሮን ግን ጠይቁኝ። ባለፈው ጥር ዱከም ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ሲግናሉ ጠፋ። ነፋሱ ወሰዳት። ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀለብኝ። አንድ የእረኛ ልጅ ወጥቶ አወረደልኝ፤ አንዱ ክንፍ ተሰብሮ፣ ካሜራዋ እንደ ዶሮ አንገት ተንጠልጥሎ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ቪዲዮዬ ትለኛለች።
ልል የፈለግኩት፣ ይህ ማንም ሳይረብሸኝ ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጃመር አለ። ሲግናሉን ያፍነዋል፣ ድሮኗ ታወረች ማለት ነው። ለዚህ ነው አሁን በፋይበር ገመድ የሚያበርሯት። ቤታችን ኢንተርኔት የሚያስገባው ዓይነት ቀጭን ክር ነው። ከጥቅሉ እየተተረተረ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጃም አይደረግም። ዩክሬን ውስጥ ማሳው የሸረሪት ድር መስሎ ፎቶ አይቻለሁ። ወታደሮቹ ደግሞ መንገዱን ከላይ በመረብ ሸፍነውታል፤ የዓሣ መረብ ጭምር! መላ በመላ ነው። ዛሬ የገዛኸው ለከርሞ ቆሻሻ ነው።

አካውንታንቷ (ብሎክ 11)፦
እሺ ሂሳቡን ለእኔ ተዉት። ሻሄድ የሚባለው የኢራን ድሮን ከ20,000 እስከ 50,000 ዶላር ይገመታል። እሱን የሚያወርድ አንድ የፓትሪዮት ሚሳይል 4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሀብታሙ እየተከላከለ ይደኸያል። ስለዚህ ርካሹ ለድሃ አገር ይመቻል የሚለው እውነት ነው። ግን ለጠላትም ይመቻል። ይኼን ማን ያነሳል?
ሌላው፣ በ2017 ዓ.ም. እኛም አገር ስካይዊን የሚባል የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ደስ ይላል። ጥያቄዬ፦ ሞተሩ፣ ቺፑ፣ ባትሪው ከየት ይምጣ? ቻይና ከመስከረም 2023 ጀምሮ አንዳንድ የድሮን ዕቃ ወደ ውጭ መላክን በፈቃድ አድርጋለች። አንድ ቢሮ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም ካለ ጦርህ ቆመ።

አድሚን፦
አድሚን ገለልተኛ ነው፤ ግን የዛሬው ምርጥ ነጥብ ይኼ ነው። እኛ የሊፍት ቦርድ ከውጭ እስኪመጣ ስንት ወር በደረጃ ወጣን?

መምህርት (ብሎክ 5)፦
ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት። እስቲ ከታች እዩት። አያቴ ማይጨው ዘምቷል። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የወረደውን የመርዝ ጋዝ “ዝናብ መሰለን” ይል ነበር። ያኔ ለእነሱ አዲስ ቴክኖሎጂ ነበር። ዛሬም የእኛው ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መሞታቸውን በሪፖርት አውጥቷል።

አድሚን፦
መምህርት፣ እባክሽ...

መምህርት፦
ፓርቲ አላነሳሁም! ኮሚሽን ነው ያልኩት። ጭብጤ ሌላ ነው። አሁን ያለው ድሮን ቢያንስ ቁልፉን የሚጫን ሰው አለው። ነገ ማሽኑ ራሱ መርጦ ይተኩስ የሚሉ አሉ። ጃም ሲደረግ ራሱን ችሎ እንዲቀጥል ነው አሉ። ተሳስቶ ለቅሶ ቤት ቢመታ ማን ይጠየቃል? ፕሮግራም ጸሐፊው? አዛዡ? በታኅሣሥ 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ 152 አገሮች ጉዳዩ ያሳስበናል ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ዋና ጸሐፊው እስከ 2026 አስገዳጅ ስምምነት ይኑር ብለው ነበር። ኮደሩ፣ አንተ ብትሆን ትጽፈዋለህ?

ኮደሩ፦
ከባድ ጥያቄ ነው። የምታገኘውን ፎቶ ሁሉ ድመት ነው የምትል ፕሮግራም ሠርቼ አውቃለሁ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የገዛ ቤቴ በር ላይ ያለው ካሜራ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃችንን ሌባ ነው ብሎ ነገረኝ። ተኩሱን አልሰጠውም። መንዳቱን፣ መፈለጉን እሰጠዋለሁ። ተኩሱን አይሆንም።

መቶ አለቃ፦
ይኼን ከልብ ወድጄዋለሁ።

ኮደሩ፦
ግን ጋሼ፣ ጠላት ከሰጠውስ?

መቶ አለቃ፦
...ቡና ላይ እንነጋገር።

የብሎክ 7 እናት፦
እናንተ ዓለሙን ዞራችሁ መጣችሁ፤ የእኔ ልጅ ምን ይሁን? ዝም ብሎ ስልኩን ይዞ ያነባችኋል።

አካውንታንቷ፦
እትዬ፣ የትም ይግባ የትም፣ የሚጠግን ሰው ሥራ አያጣም። ይግባም ካለ ሙያ ይዞ ይግባ።

የሠርግ ቪዲዮ አንሺው፦
እውነት ነው። የእኔን ድሮን የሚጠግን አጥቼ ሦስት ሳምንት ቦሌና መርካቶ ተመላልሻለሁ። ፈቃድ ያለው ድሮን ይዤ ጠጋኝ ማጣት!

መቶ አለቃ፦
ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤት ይምጣ። የማይሠራ የድሮ ሬዲዮ አለኝ። ፈትቶ ይገጥመውና መናገር ከጀመረ ያኔ ስለ መከላከያ እናወራለን። ቪዲዮ አንሺው፣ የተሰበረችውን አንተም አምጣት። ካውያ አለኝ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ኑ፤ የእኔን የወሰደው የብሎክ 14 ሰው እስካሁን አልመለሰም።

ኮደሩ፦
ጋሼ፣ እሱ እኔ ነኝ።