ዋልያዎቹ ከአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊነት እዚህ የደረሱት ምኑ ላይ ተበላሽቶ ነው?

የካምቦሎጆ ደጋፊ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኢትዮጵያ በ1957 ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) የመሠረተች አገር ናት (ዓመቶቹን የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው፣ ከውድድሮቹ መጠሪያ ጋር እንዳይምታታ)። በ1962 ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ አነሳን። ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋን። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ተመለስን፣ በጥር 2022 ካሜሩን ላይ ደገምን፣ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ማጣሪያዎች አላለፍንም። በፊፋ ደረጃም ከ140ኛ በታች ወርደናል።

«ፌዴሬሽኑ ነው» እና «የማልያ ፍቅር ጠፍቷል» የሚሉትን ሁላችንም ሰምተናል፣ እነሱን ብንዘላቸው ደስ ይለኛል። የልጆች አያያዝ ላይ ነው? ክለቦች ላይ? ሜዳ ላይ? ወይስ ቢሮ ውስጥ? ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳን።


መዝገብ አገላባጭ፦

መጀመሪያ ከፍታው ምን ያህል እንደነበር በልኩ እንይ፣ አለዚያ ውድቀቱንም በልኩ አናየውም።

የ1962ቱ ድል እውነተኛ ድል ነው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4ለ2፣ በፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 21) ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2። ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታለች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም የግብጹ ባዳዊ ወዲያው በ75ኛው መሪነቱን መለሰ። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው 2ለ2 አድርጎ ጨዋታውን ወደ ጭማሪ ሰዓት ወሰደው፣ ከዚያ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ የአፍሪካን ሻምፒዮን ማሸነፍ በአጋጣሚ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አራተኛዋ ዩጋንዳ ናት። እኛ አዘጋጅ ስለሆንን ማጣሪያ አልተጫወትንም። እስከ 1982 ድረስ በዘጠኝ የአፍሪካ ዋንጫዎች ተሳትፈናል። በ1957 እና በ1959 ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1962፣ በ1968 እና በ1976 አዘጋጅ ነበርን። በ1963 የገባነው የዋንጫው ባለቤት ስለሆንን ነው። ማጣሪያ አልፈን የገባንባቸው 1965፣ 1970 እና 1982 ብቻ ናቸው፣ ከዘጠኙ ሦስቱ ማለት ነው። የ1970ውም በ6ለ1 ሽንፈት ይታወሳል፤ የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አግብቶብናል።

ስለዚህ «ከትልቅ ደረጃ ወደቅን» ከማለት «ቀድመን ጀምረን ሌሎቹ ደርሰው አለፉን» ማለቱ ለእውነቱ ይቀርባል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ነጻ ወጥተው ሊግና ብሔራዊ ቡድን ሲያደራጁ እኛ የነበርንበት ቆምን።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ነገር አስመራ ነው። የቫሳሎ ወንድማማቾች የአስመራ ልጆች ናቸው፣ ቡድኑ ውስጥ ከዚያው የመጡ ሌሎችም ነበሩ። በ1968 ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው እዚያው አስመራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ በተከታታይ የሄደው ወደ አስመራ ክለቦች ነበር። ከተማዋ የራሷ የክለብ ባህል፣ የራሷ ፉክክር ነበራት። በጦርነቱ፣ በኋላም በኤርትራ መለየት ይህ ሁሉ ከብሔራዊ ቡድኑ ላይ ተቀነሰ፣ የሚተካ ሁለተኛ ማዕከልም ለብዙ ዓመት አልተገነባም።


የታዳጊ አሰልጣኝ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን ሌሎቹ ሲያልፉን እኛ የቆምነው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ከ8 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው።

አንድ ተራ የሰፈር ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ቡድን) እንውሰድ። 30 ልጅ፣ አንድ ወይም ሁለት ኳስ፣ አንድ አሰልጣኝ፣ ጠጠር የበዛበት ሜዳ። በአንድ ኳስ 90 ደቂቃ ሲሠሩ ለአንድ ልጅ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይደርሰዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ቢሠራ እንኳ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ኳስ ለሁለት ልጅ አንድ ቢሆን ያው ልጅ በተመሳሳይ ሰዓት ብዙ እጥፍ ይነካል። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ፣ ጠበብ ያለ ሜዳ፣ ሰባት ለሰባት ወይም ዘጠኝ ለዘጠኝ መሆን አለበት። እኛ ጋ የአሥር ዓመት ልጅ 5 ቁጥር ኳስ ተሰጥቶት በሙሉ ሜዳ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይጫወታል፣ ከዚያ ያሸነፈው ቁመቱ የረዘመው ነው።

ሜዳው ራሱ አጨዋወት ያስተምራል። ኳስ በሚነጥርበት አፈር ላይ ያደገ ልጅ ኳሷን ከእግሩ ሥር ማቆየትና አጭር ቅብብል ይለምዳል፤ የተጫዋቾቻችን ጥሩ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። የ30 ሜትር ኳስ አስተካክሎ ማድረስ፣ ከክንፍ ማሻማት፣ በጭንቅላት መግጨትና የቆመ ኳስ መከላከል ግን አይመጡም። በአህጉር ደረጃ የምንሸነፍባቸውን ግቦች መልሳችሁ ተመልከቱ፣ ከማዕዘን ምትና ከተሻሙ ኳሶች የመጡት ይበዛሉ።

የዕድሜ ማጭበርበርም እዚሁ ይገባል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያሳያል፤ የአጥንቱ የማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ ከዕድሜው ውጪ ነው። ዋናው ጉዳቱ ግን ቅጣቱ አይደለም። በታዳጊ ቡድን ውስጥ የ21 ዓመት ልጅ ቦታ ሲይዝ እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ያያል፣ በሁለተኛው ዓመት ኳሱን ይተወዋል።

ክለቦቹ ደግሞ ይህን የሚያርሙበት ምክንያት የላቸውም። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ከትኬት ገቢ የለም፣ ተጫዋች አሳድጎ ለውጭ ክለብ መሸጥ የተለመደ አይደለም፣ አሰልጣኙ በአራት ሽንፈት ይባረራል። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የ18 ዓመት ልጅ ማሰለፍ ለአሰልጣኙ ሥራውን ማጣት ነው። ስለዚህ በየክረምቱ ያው የበሰሉ ተጫዋቾች ፊርማ እየተቀበሉ ከክለብ ክለብ ይዞራሉ። ክፍያው ከአቅም በላይ ሲሆን በ2019 የ50,000 ብር የደመወዝ ጣሪያ እስከማውጣት ተደርሷል። አገር ውስጥ እንዲህ የሚከፈለው ተጫዋች ወደ ውጭ ሄዶ ዝቅ ካለ ደረጃ ለመጀመር አይቸኩልም። ሳላዲን ሰዒድ፣ ሽመልስ በቀለ፣ ጌታነህ ከበደና አቡበከር ናስር ወጥተው ተጫውተዋል፣ ነገር ግን የጎረቤቶቻችንን ዝርዝር ስናይ ቁጥራችን በጣም ትንሽ ነው። አቡበከር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ ነው፤ እንደ እሱ ያለ አጥቂ በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ሳይሆን በየዓመቱ መውጣት ነበረበት።

ግብ ጠባቂዎች ላይ ያለው ችግር ከሁሉ ይብሳል። ትልልቆቹ ክለቦች ለዓመታት ከውጭ ሲያመጡ ቆይተዋል። ዴኒስ ኦንያንጎም ሮበርት ኦዶንካራም ቅዱስ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመዋል፣ ሁለቱም ዩጋንዳውያን ናቸው። ለክለቡ ጥሩ ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ አረጁ። ግብ ጠባቂ መቼ ከመስመሩ መውጣት እንዳለበት የሚማረው በልምምድ ሳይሆን በጨዋታ ብዛት ነው። በ2013ቱ አፍሪካ ዋንጫ በሦስት ጨዋታ ሁለት ግብ ጠባቂዎቻችን በቀይ ወጥተዋል፣ አንዱ ከዛምቢያ፣ ሌላው ከናይጄሪያ ጋር። ይህን እንደ መጥፎ ዕድል ብቻ ማየት አይገባም።


የቡድን መሪ ሥራ፦

ጠያቂው «ቢሮ ውስጥ?» ስላሉ በዚያ ላይ ላተኩር። ሜዳ ላይ ያገኘነውን ቢሮ ውስጥ ያጣንባቸው ጊዜያት በሰነድ የታወቁ ናቸው።

በ2008 በፌዴሬሽኑ የአመራር ውዝግብ ምክንያት ፊፋ አገደን፣ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣን። የዚያ ጊዜ ተጫዋቾች ማጣሪያውን ሳይጨርሱ ቀሩ።

በ2013 ደግሞ ሰኔ 8 ቀን (እ.ኤ.አ.) በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2ለ1 አሸንፈን ነበር። ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ውጤቱ 3ለ0 ፎርፌ ሆነ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2ለ1 ባናሸንፍና ቀጥሎ መካከለኛው አፍሪካን ባንረታ ኖሮ ምድቡ ያመልጠን ነበር። በ13 ነጥብ አንደኛ ሆነን ለመጨረሻው ዙር ደረስን፣ እዚያ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ 2ለ1 እና 2ለ0 አስቀረችን።

ይህ ስህተት እንዳይደገም የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው። በማጣሪያው ውስጥ በተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ በቀጥታ ያልፋል፤ ፊፋ ደብዳቤ ላከ አልላከ ሰበብ አይሆንም፣ መቁጠር የፌዴሬሽኑ ግዴታ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ከዳኛው ሪፖርት ላይ የካርዶቹን ስም፣ ማልያ ቁጥርና ደቂቃ መመዝገብ። ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት መዝገቡን ከአሰልጣኙ ውጪ የሆነ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ። ጥርጣሬ ካለ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ተጫዋቹን አለማሰለፍ። የጨዋታው ዕለት ጠዋት በቡድኑ ስብሰባ ላይ የታገዱትን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ። ሥራው በሰው ትዝታ ላይ ከተንጠለጠለ አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም።

የአሰልጣኝ መቀያየሩንም ጨምሩበት። ሰውነት ቢሻው በ2014 ከተነሱ በኋላ ባለው አሥር ዓመት ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን። ሁለቱን ረዘም ያሉ ቆይታዎች አብርሃምንና ውበቱን ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳል፤ የጥር 2022ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ትኬት ያገኘነው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።


የካምቦሎጆ ደጋፊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ነበር የፈለግሁት። ስለ ሜዳው የሚያውቅ አለ? ካፍ ስታዲየሞቻችንን የሚጥላቸው በሳሩ ነው ወይስ በሌላ?


ስታዲየም ግንባታ፦

ሳሩ አንዱ ብቻ ነው። የካፍ ገምጋሚ ሲመጣ ከሳሩ በፊት መልበሻ ክፍሎቹን ያያል፦ ለሁለቱ ቡድኖች እኩል የሆነ፣ ሙቅ ውሃ ያለው ሻወር፣ ለዳኞች የተለየ ክፍል፣ የሕክምናና የዶፒንግ ምርመራ ክፍል። ከዚያ የተመልካቹ ወንበር አንድ በአንድ የተለየና ቁጥር ያለው መሆኑን፣ መግቢያው ሰው የሚቆጥር በር እንዳለው፣ የጋዜጠኞች ቦታና የፓውዛው ብርሃን መጠን በቂ መሆኑን ያረጋግጣል። መብራት ቢጠፋ ፓውዛውን የሚሸከም ጄኔሬተርም ይጠየቃል። የእኛዎቹ ስታዲየሞች የተሠሩት ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተደርድሮ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው፣ ብዙዎቹ ክፍሎች በኋላ የተጨመሩ ናቸው፣ ስለዚህ ጥገናው ቀለም ከመቀባት በላይ ነው።

ሳሩን በተመለከተ 105 በ68 ሜትር ማስመር ቀላል ነው። የሚበላሸው ከሥር ነው። በትክክል የተሠራ ሜዳ ከታች የፍሳሽ ቱቦ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠጠር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሸዋ የሚበዛበት አፈር ይኖረዋል፣ ሳሩ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው። ሳሩ በቀጥታ ዋልካ አፈር ላይ ከተተከለ በክረምት ውሃው አይሰርግም፣ ይጨቀያል፤ በበጋ ደግሞ አፈሩ ይሰነጠቅና ሜዳው ይጎረብጣል። በየጊዜው አሸዋ መበተን፣ በሹል መሣሪያ መብሳትና በእኩል ቁመት ማጨድ ካልተደረገ አዲስ የተተከለ ሳርም በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቃል። ለዚህ የሰለጠነ ቋሚ የሜዳ ባለሙያ መቅጠር ያስፈልጋል፤ በጀት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይገኘው ይኸው ደመወዝ ነው።

ውጤቱን በጨዋታ እንየው። ባሕር ዳር ላይ በኅዳር 2019 ኮትዲቯርን 2ለ1 አሸንፈናል። ሜዳው በካፍ ከታገደ በኋላ ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። ግብጽን 2ለ0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው። በ2024 ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም፣ ታንዛኒያን ደግሞ ኪንሻሳ ላይ አስተናገድን፣ ሁለቱንም 2ለ0 ተሸነፍን። የአዲስ አበባው 2,300 ሜትር ከፍታ ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ይህንን ጥቅም በገዛ እጃችን ለቀቅን። በላዩ ላይ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና የሜዳ ኪራይ አለ፣ የበር ገቢ ግን የለም።


መዝገብ አገላባጭ፦

በከፍታው ላይ ትንሽ ልለይ። ከፍታው በ1980ዎቹና በ90ዎቹም ነበር፣ አላሳለፈንም። ይበልጥ የሚሠራው ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ ነው። በጥቅምት 2012 ከሱዳን ጋር የተደረገውን የ2013ቱ አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አስታውሱ፦ ኦምዱርማን ላይ 5ለ3 ተሸንፈን መጣን፣ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን አግብተው 2ለ0 ሆነ፣ ድምሩ 5ለ5፣ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። ያ የመልስ ጨዋታ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ 31 ዓመቱ 40 ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ቦሌ ያለው የአደይ አበባ ስታዲየም እስኪያልቅ ሳንጠብቅ፣ ካሉት የክልል ስታዲየሞች አንዱን መርጦ ከላይ የተዘረዘሩትን ክፍሎች፣ ወንበርና ፓውዛ ማሟላት ከሁሉም በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ለአንድ ስታዲየም የሚበቃ ገንዘብ ለስድስት ተበታትኖ ስድስቱም እንዳይጸድቁ መደረጉ ይብቃ።