ዋርፋሪንና የጾም ጎመን፤ ለእናቴ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአምስት ወር በፊት ቡና ስታፈላ ቀኝ እጇ ድንገት ከዳት፣ አንደበቷም ተሳሰረ። ለካ በልጅነቷ የያዛት የቁርጥማት ትኩሳት የልቧን ቫልቭ አጥብቦት ኖሯል፤ እዚያ የረጋው ደም ተነስቶ የአንጎሏን የደም ሥር ዘጋ። ዛሬ በከዘራ ትራመዳለች፣ ተመስገን።

አሁን ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ትወስዳለች። አይ ኤን አር የሚሉት የደም መርጋት መለኪያ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው አንዴ 1.4፣ አንዴ 4.1 ይሆናል። በጾም ጎመን ታዘወትራለች፣ በፍስክ ትተወዋለች። ጎመን መድኃኒቱን እንደሚያዳክም አውቃለሁ፤ ግን ጨርሳ ትተወው ወይስ ዓመቱን ሙሉ እኩል መጠን ትብላ? ምርመራው ያለበት ከተማ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይፈጃል። ምርመራ የማይፈልጉት አዳዲስ ክኒኖችም ለእንዲህ ያለ ቫልቭ አይሆኑም ተባልኩ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመማችሁ፣ ሐኪሞችም ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።