ክርክር፦ ለድሮዎቹ የጃፓን የጠፈር አኒሜዎች ዕድሜ የሰጣቸው ሥራው ነው ወይስ አሻንጉሊቱ?

ቤተልሔም (አወያይ)
«ያማቶ»፣ «ጋንዳም»፣ «ማክሮስ» እና መሰሎቻቸው የጃፓን ካርቱን ፊልሞች (አኒሜ) አርባና ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው ዛሬም ይታያሉ፣ እንደገናም ይሠራሉ። አንዱ ወገን «ያቆያቸው ድርሰቱና ሥዕሉ ነው» ይላል። ሌላው «የአሻንጉሊትና የሞዴል ገበያ ባይኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር?» ባይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ይሁኑ። «እኔ ደስ ይለኛል» ማለት መልስ አይሆንም፤ ክፍሉን፣ ትዕይንቱን፣ ቁጥሩን ጥቀሱ።

ሚኪ ሜካ
ነገር አናሳምር፤ ገበያ ነው። «ጋንዳም» በኤፕሪል 1979 ሲጀምር 52 ክፍል ታቅዶለት ነበር፤ በ43 ተቆረጠ። ለምን? ስፖንሰሩ ክሎቨር አሻንጉሊት አምራች ነበር፣ ዕቃው እንዳሰበው አልሄደለትም። ጃንዋሪ 1980 አለቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሌላው አሻንጉሊት አምራች ባንዳይ የሮቦቱን 1/144 መጠን ያለው ተገጣጣሚ ፕላስቲክ ሞዴል በ300 የን አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሞዴል ባይወጣ ታሪኩ በ43ኛው ክፍል ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ሶስና
ሚኪ፣ የጻፍካቸውን ቀኖች መልሰህ እያቸው እስቲ። ሞዴሉ የወጣው ተከታታዩ ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ገዢውን ማን አመጣው? የክሎቨር አሻንጉሊት እኮ በቴሌቪዥኑ ጊዜም በየሱቁ ነበረ። አልተሸጠም፣ ምክንያቱም የተሠራው ለትንንሽ ልጆች ነው፤ ታሪኩን የወደዱት ደግሞ ከፍ ያሉት ነበሩ። ባንዳይ ያንን ተመልካች አይቶ ነው የመጣው።

«ያማቶ»ንም ጨምርበት። ኦክቶበር 1974፣ እሑድ ከምሽቱ 1:30፣ በሌላው ጣቢያ «ሃይዲ» የተባለችው አኒሜ እየታየች። ተመልካች አጣ፣ ከታሰበው 39 ክፍል 26ቱ ብቻ ተላለፈ። በ1977 ያንኑ ቆርጠው ቀጥለው ፊልም ሲያደርጉት ወጣቶች ከሲኒማው ደጅ አድረው ተሰለፉ። ይኼን አሻንጉሊት አላመጣውም።

ሚኪ ሜካ
በመሀል ያለውን ዘለልሽዋ! ከ1975 እስከ 1977 ድጋሚ ስርጭት ነበረ። ጣቢያ ደግሞ ያገኘውን ርካሽ ነገር ነው ደጋግሞ የሚያሳየው። ማንኛውንም ነገር ለልጅ በየቀኑ ብታሳዪው ይወደዋል።

ዳዊት ካሜራ
ማንኛውንም ነገርማ አይወድም። በዚያ ዘመን ስንቱ አኒሜ ተደግሞ ታይቶ ስሙ እንኳን ጠፍቷል። «ያማቶ» ውስጥ ምን እንደተሠራ ቀረብ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ሰዓቱን። ምድር ጋሚላስ በተባለው ጠላት ቦምብ ተመርዛለች፣ አንድ ዓመት ቀርቷታል፣ መድኃኒቱ ያለው 148,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ኢስካንዳር የተባለ ፕላኔት ላይ ነው፤ ያንን ለማምጣት የምትሄደው የጠፈር መርከብ ያማቶ ናት። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው የቀረውን ቀን በመቁጠር ነው። ስለዚህ መርከቧ ለጥገና ስትቆም እንኳ ተመልካቹ ይጨነቃል።

ሁለተኛ፣ ዋናው መድፍ። ሌላ አኒሜ ቢሆን ጀግናው ጮኾ ይተኩሳል፣ አለቀ። እዚህ ግን ቅደም ተከተል አለው፦ ኃይሉ በሙሉ ወደ መድፉ ይዞራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ማስጠበቂያው ይከፈታል፣ ማነጣጠሪያው ይወጣል፣ መሙያው 120 በመቶ ይደርሳል፣ ሁሉም የብርሃን መከላከያ መነጽር ያደርጋል፣ ቆጠራ፣ ከዚያ ምላጩ ይሳባል። ከተተኮሰ በኋላ መርከቧ ለጊዜው ኃይል የላትም፤ ጠላት ቢመጣ መሸሽ አትችልም። 5ኛው ክፍል ላይ መጀመሪያ ሲሞክሩት ጁፒተር ላይ የሚንሳፈፈውን አህጉር እንዳለ አጠፉት፣ መርከበኞቹ ራሳቸው ደነገጡ። ዋጋ ያለው መሣሪያ ማለት ይኼ ነው።

ይኼ ሁሉ ከገንዘብ እጥረት የመጣ መሆኑም አይረሳ። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው፤ ለቴሌቪዥን ግን አንዱ ሥዕል ለሦስት ፍሬም ስለሚያገለግል በሴኮንድ 8 ሥዕል ይበቃል። «ያማቶ» መስመሩ የበዛ መርከብ ነው፣ ማዞር እጅ ይፈጃል። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ሥዕል በካሜራው ፊት ያንሸራትቱታል። መድፍ ሲሞላ ደግሞ የሚሣለው መደወያ፣ እጅና ፊት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ልብ ይሰቅላል።

ሄለን
ዳዊት፣ የመድፉ ብርሃን ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው? ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ለምን እንደዚያ አይደምቅም?

ዳዊት ካሜራ
ያኛው እውነተኛ ብርሃን ስለሆነ ነው። ፊልሙ ሁለት ጊዜ ይነሣል። በመጀመሪያው ሥዕሉ እንዳለ ሆኖ የሚያበራው ቦታ ብቻ በጥቁር ይሸፈናል። ፊልሙን ወደ ኋላ ይመልሱና በሁለተኛው ሁሉን ነገር በጥቁር ሸፍነው የጨረሩን ቅርጽ ብቻ ቀደው ከሥር መብራት ያበሩበታል፣ በመሀል ባለቀለም ማጣሪያ ይገባል። ሽፋኑ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ብርሃኑ ከጠርዙ ይፈስሳል፣ መብራቱ ከበዛ ቀለሙ ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። አንዱ ጨረር ከሌላው ትንሽ የሚለየው ለዚህ ነው፤ ዓይንም ያንን ይወድዳል።

አቡ ፍሊድ (ጅዳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጃፓን ብቻ ነው የምታወሩት፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ያደገ የሀበሻ ልጅ ደግሞ «ግሬንዳይዘር» የተባለውን የሮቦት አኒሜ የሚያውቀው በአረብኛ ነው። በ1975 እና 1977 መካከል የወጣ 74 ክፍል ነው፣ ሊባኖስ ውስጥ በአረብኛ ድምፅ ተሰጠው፣ መዝሙሩን የዘፈነው ሳሚ ክላርክ ነው። ፈረንሳይ ላይም ከጁላይ 1978 ጀምሮ ጉድ አስብሏል። አገሩ የጠፋበት ልዑል በሰው ምድር ተሸሽጎ ሲኖር፣ ያሳዳጊውን ምድር ሲከላከል ነው ታሪኩ። ያንን ለመረዳት አሻንጉሊት አያስፈልግም።

ሚኪ ሜካ
አቡ፣ ሪያድ ላይ ከ33 ሜትር በላይ የሆነ የብረት ሐውልት ያቆሙለት በ2022 ነው፤ በ2024 ደግሞ አዲስ ተከታታይ ተሠራ። ገንዘብ ያለው ትውልድ አድጎ የልጅነቱን እየገዛ ነው እንጂ ሌላ ምን ትለዋለህ?

ደግሞም ሶስና፣ ስፖንሰር ታሪኩ ውስጥ አልገባም እንዳትይኝ። «ጋንዳም» መሀል ላይ ጂ-አርመር የተባለ በራሪ ዕቃ የተጨመረው አሻንጉሊት ለመሸጥ ነው፤ ከጦርነቱ ጋር ምንም አይሄድም።

ሶስና
እሱማ ገብቷል። ግን ዳይሬክተሩ ቶሚኖ ተከታታዩን ወደ ሲኒማ ሲያሳጥረው (1981 እና 1982፣ ሦስት ፊልም) ጂ-አርመርን አውጥቶ ኮር ቡስተር በተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ተካው። ታሪኩ አልጎደለበትም። ይልቅ ሊወጣ የማይችለው ሚኖቭስኪ ቅንጣት የተባለው የታሪኩ ፈጠራ ነው፦ አየሩ ላይ ሲረጭ ራዳር ይታወራል፣ ተመሪ ሚሳኤል ዒላማውን ይስታል፣ ስለዚህ ዓይን ለዓይን መዋጋት ግድ ይሆናል። 18 ሜትር ሮቦት በጠፈር ጦርነት ውስጥ ለምን አስፈለገ ብለህ ብትጠይቅ መልሱ እዚያ አለ። ብዙዎቹ አዳዲሶች ሮቦቱን ያመጣሉ፣ ምክንያቱን ይረሱታል።

ሄለን
አሻንጉሊት የሌለበት ማስረጃ ከፈለጋችሁ «የጋላክሲው ጀግኖች አፈ ታሪክ»ን ውሰዱ። 110 ክፍል፣ ከ1988 እስከ 1997። መጀመሪያ በቴሌቪዥን እንኳ አልወጣም፤ ገዢው በደብዳቤ ተመዝግቦ በየሳምንቱ አንድ ካሴት፣ አንድ ክፍል ይላክለት ነበር። ሮቦት የለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ ሕገ መንግሥት ይከራከራሉ። ውጊያውም ሒሳብ ነው፦ አስታርቴ በተባለው ውጊያ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የጦር አዛዡ ራይንሃርት፣ 20,000 መርከብ አለው፣ ጠላቱ 40,000፣ ግን በሦስት አቅጣጫ የተከፋፈለ፤ 12,000፣ 13,000፣ 15,000። አብረው ሳይገጥሙት በፊት ደካማውን 12,000 ቀድሞ መታ፣ ቀጥሎ ሌላውን። እያንዳንዱ ውጊያ ላይ በቁጥር የሚበልጠው እሱ ነው። ተመልካች እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ላይ ሥሎ ሊፈትሸው ይችላል። ሚኪ፣ ይኼን ምን ሸጠው?

ሚኪ ሜካ
ልቦለዱ። ከ1982 ጀምሮ 10 ቅጽ የተሸጠ መጽሐፍ ነበረው፤ ባዶ ሜዳ ላይ አልተነሣም። ግን እሺ፣ አሻንጉሊት አይደለም። አንዱ ለየት አለ ማለት ሕጉ ተሻረ ማለት አይደለም፤ «ማክሮስ»ን ያለ ቫልኪሪ አስቡት እስቲ።

ሶስና
በደንብ አስቤዋለሁ። የአሻንጉሊት አምራቹ የታካቶኩ 1/55 ቫልኪሪ፣ ከተዋጊ ጄት ወደ ሮቦት የሚቀየረው፣ በእርግጥ ግሩም ዕቃ ነበር። ድርጅቱ በ1984 ከሰረ፣ ቅርጽ ማውጫው ወደ ባንዳይ ሄደ፣ በ1985 የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሃዝብሮ አገሩ ላይ ጄትፋየር ብሎ በትራንስፎርመርስ ስም ሸጠው። ያንን የገዛ ልጅ «ማክሮስ» የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም! አሻንጉሊቱ ያለ ታሪኩ ሄደ። ታሪኩ ደግሞ ያለ አሻንጉሊቱ፦ በመብት ጭቅጭቅ የተነሣ አብዛኞቹ ተከታይ ሥራዎች ለሃያ ዓመት ገደማ ከጃፓን ውጭ በሕጋዊ መንገድ አይገኙም ነበር፣ ስምምነቱ የተደረሰው ኤፕሪል 2021 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰዎች እየተቀባበሉ፣ ራሳቸው እየተረጎሙ አይተውታል።

ቤተልሔም (አወያይ)
ጥሩ። ከመቀጠላችን በፊት አዲስ ገቢዎች «የቱን ቅጂ እንይ?» እያሉ ነው። ዳዊት?

ዳዊት ካሜራ
የ1970ዎቹ የቴሌቪዥን ሥራ የተቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው፣ ምስሉ 4 በ3። ስክሪናችሁን እንዲሞላ ተብሎ ወደ 16 በ9 የተቆረጠውን አትንኩት፤ ከላይና ከታች የምስሉ ሩብ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም የሚሄደው የሰው ግንባር ነው። የፊልሙ አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ሙልጭ ብሎ ፊት ሁሉ እንደ ሰም የተለሰለሰበትም አይሆንም፤ ነጠብጣቡን የሚያጠፋው ማሽን ቀጭን የእርሳስ መስመሩንም አብሮ ይበላዋል። ለመለየት ጥቁር ሰማይ ላይ ያሉትን ከዋክብት እዩ፤ ትንንሾቹ ከጠፉ ቅጂው ታጥቧል። የአውሮፓ የድሮ ዲቪዲ ላይ ድምፁ ከቀጠነባችሁ ደግሞ በሴኮንድ ከ24 ወደ 25 ፍሬም ተፋጥኖ ነው፤ ማጫወቻችሁ ፍጥነት የሚያስተካክል ከሆነ ወደ 96 በመቶ ዝቅ አድርጉት።

ሚኪ ሜካ
ከዋክብቱን አይቼ እመለሳለሁ። ግን ሶስና፣ ጄትፋየር ላይ ገና አልጨረስንም።